አስማታዊው ጎራዴ ጌሙን እንዳይበላው፦ የአስማት ዕቃ አሠራርና አመዛዘን ደረጃ በደረጃ

ጌም መሥራት ከጀመሩ ሰዎች አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። "የእሳት ጎራዴ ሠራሁ። ያምራል። ግን ተጫዋቹ አንዴ ካገኘው ሌላውን ዕቃ ዞር ብሎ አያየውም። ጉዳቱን ስንት ላድርገው?" ከሳምንት በኋላ ደግሞ ያው ሰው ተመልሶ ይመጣል። "አዳከምኩት፤ አሁን ማንም አያነሳውም።"

የሁለቱም መልስ ያለው አንድ ቦታ ነው። የጎራዴው ቁጥር የሚወጣው ጎራዴውን ገና ካላገኘው ጀግና ነው። ያንን ጀግና በቁጥር ካላወቃችሁት የምትሰጡት ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምራለን። አንድ ምሳሌ ይዘን እንጓዛለን፤ ሌቭል 10 ላይ የሚገኝ "የፍም ጎራዴ"። አሠራሩ አንድ ሰው ብቻውን ለሚጫወተው ፋንታሲ አርፒጂ (ጀግና እያሳደጉ የሚጫወቱት የጌም ዓይነት) የተዘጋጀ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ። ስልክ ላይ ያለው ይበቃል።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ለ6ኛው ደረጃ ግድ ነው።
- የምትሠሩበት ኢንጂን፣ ማለትም የጌም መሥሪያው ሶፍትዌር። ዩኒቲም ይሁን ጎዶት ወይም አንሪል ለውጥ የለውም።
- የዕቃዎቹ ቁጥር የሚቀመጥበት የተለየ ፋይል፣ ሲኤስቪ ወይም ጄሰን። ቁጥሩን ኮድ ውስጥ አትቅበሩት። አንድ ዕቃ ብዙ ጊዜ ይለዋወጣል። በየለውጡ ኮድ መቆፈር ካለባችሁ ይሰለቻችሁና መለወጡን ትተዉታላችሁ።
- የስልክ ሰዓት፣ ውጊያ የሚፈጀውን ሰከንድ ለመያዝ።
- ጌሙን ያልሠሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች።

1. ተራውን ጀግና በቁጥር ጻፉት

ምንም አስማት ያልያዘ፣ ተራ ሰይፍ የጨበጠ ጀግና አስቡ። ለእኛ ምሳሌ እንዲህ ይሁን፦

- ሕይወት 300
- አንድ ምት 20 ጉዳት፣ በሰከንድ 1 ምት
- ክሪቲካል 10 በመቶ ዕድል፣ ሲደርስ ጉዳቱ 2 እጥፍ
- ጠላቱ ሕይወቱ 200፣ በሰከንድ 15 ጉዳት ያደርሳል

አሁን አማካዩን አስሉ። ከአሥር ምት አንዱ እጥፍ ስለሆነ አማካይ ምት 22 ነው። ጠላቱ በ9 ሰከንድ አካባቢ ይወድቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከጀግናው 136 ያህል ሕይወት ይወስዳል። እንግዲህ ተራው ጀግና ሁለት ጠላት በተከታታይ ጥሎ 27 ያህል ሕይወት ይተርፈዋል። ሦስተኛው ይገድለዋል።

ይቺ "ሁለት ጠላት" የምትል መልስ የሥራው ሁሉ መሠረት ናት። "ጎራዴው 35 ጉዳት አለው" የሚለው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። "ጎራዴውን የያዘ ሰው ስንት ጠላት ይጥላል?" የሚለው ግን ተጫዋቹ የሚሰማውን ነገር ይነግራችኋል።

2. መጀመሪያ የሙሉ ትጥቁን ጣሪያ ወስኑ፣ ከዚያ አካፍሉት

አብዛኛው ሰው እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው ይመዝናል። ተጫዋቹ ግን ሁሉንም በአንድ ላይ ነው የሚለብሰው። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ውረዱ።

እኛ የምንፈልገው ሌቭል 10 ላይ ሙሉ አስማት የታጠቀ ጀግና ሦስት ጠላት እንዲጥል ነው እንበል። አራት ከጣለ ጌሙ ቀለለ ማለት ነው። በስሌቱ ሦስት ለመጣል የጀግናው ጉዳት ቢያንስ በ36 በመቶ ማደግ አለበት። አራት የሚጥለው 82 በመቶ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ መሐል 60ን እንምረጥ።

አንድ በመቶ እድገትን አንድ ነጥብ በሉት። ጠቅላላው በጀት 60 ነጥብ ነው። ጀግናችን አራት የዕቃ ቦታ አለው፦ መሣሪያ፣ ጥሩር፣ ቀለበት፣ ክታብ። ለመሣሪያው 24፣ ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው 12 ስጡ። ይህ የምርጡ ዕቃ ጣሪያ ነው። ተራ አስማታዊ ጎራዴ የዚህን ሲሶ ያገኛል፣ 8 ነጥብ። ብርቅ የሆነው 16። አፈ ታሪክ የሚወራለት 24።

አፈ ታሪኩ ከተራው በ16 በመቶ ብቻ መብለጡ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። አይዟችሁ፤ ልዩነቱን የሚያጎላው 4ኛው ደረጃ ነው። በቁጥር ብቻ ልታጎሉት ከሞከራችሁ ግን በየሌቭሉ እየከመራችሁ ትሄዳላችሁ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው ጌም በየማስፋፊያው ቁጥሩ እያበጠ ሄዶ በፈረንጆቹ 2014 የሁሉንም ቁጥር አንድ ላይ ወደ ታች መጨፍለቅ ግድ ሆኖበታል። ትልቅ ኩባንያ ይህን ማድረግ ይችላል። ብቻችሁን ለምትሠሩ ግን ወራት የሚበላ ጣጣ ነው።

3. የዋጋ ዝርዝር አውጡ

እያንዳንዱ ኃይል ስንት ነጥብ እንደሚያስከፍል ከተራው ጀግና ላይ አስሉ፦

- የምት ጉዳት +1፦ 5 ነጥብ
- የምት ፍጥነት +1 በመቶ፦ 1 ነጥብ
- የክሪቲካል ዕድል ከ10 ወደ 15 በመቶ፦ 4.5 ነጥብ
- የክሪቲካል እጥፍ ከ2 ወደ 2.5፦ 4.5 ነጥብ
- ሕይወት +3፦ 1 ነጥብ

አሁን ወደ ፍም ጎራዴያችን። "ሲመታ ጠላቱን ለ3 ሰከንድ ያቃጥላል፣ በሰከንድ 2 ጉዳት።" ዋጋው ስንት ነው?

መልሱ ካልጻፋችሁት አንድ ቃል ጋር ይለወጣል። ቃጠሎው ይደራረባል ወይስ አይደራረብም? ካልተደራረበ አዲሱ ምት የድሮውን እሳት ያድሳል እንጂ ሌላ አይጨምርም። ያኔ ጎራዴው በሰከንድ 2 ጉዳት ጨመረ፤ ከ22 አንጻር 9 ነጥብ ነው። ከተደራረበ ግን በማንኛውም ሰዓት ሦስት እሳት አብሮ ይነዳል። በሰከንድ 6 ጉዳት፣ 27 ነጥብ። የመሣሪያውን ጣሪያ አለፈ ማለት ነው። አንድ ያልተጻፈ ቃል ዋጋውን ሦስት እጥፍ አደረገው። ብዙ ጊዜ "ለምን እንደሚበዛ አልገባኝም" ተብሎ የሚላክልኝ ዕቃ ችግሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ ለማንኛውም በጊዜ ለሚሠራ ኃይል እነዚህን አራት ጥያቄዎች ፋይሉ ላይ መልሱ፦ ይደራረባል? ጥሩር ይቀንሰዋል? ክሪቲካል ይሆናል? የምት ፍጥነት ሲጨምር አብሮ ያድጋል?

*ማስጠንቀቂያ፦* የዋጋ ዝርዝሩ የሚሠራው ለትንሽ ጭማሪ ነው። የክሪቲካል ዕድልን ወደ 50 በመቶ፣ እጥፉን ወደ 3 ብትወስዱ ዝርዝሩ 45 ነጥብ ይላችኋል። እውነተኛው አማካይ ምት ግን 40 ይሆናል፤ ከ22 አንጻር 82 ነጥብ። ሁለቱ ለየብቻ ርካሽ ናቸው። አብረው ሲሆኑ ይባዛሉ። አንድ ተጫዋች ሁለቱንም ሊለብስ የሚችልበት መንገድ ካለ ዋጋቸውን ጥንድ አድርጋችሁ አስሉ።

4. ዕቃው ምን እንደሚያስደርግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

"ይህን ያገኘ ተጫዋች ትናንት የማያደርገውን ዛሬ ምን ያደርጋል?" መልሱ "የበለጠ ይመታል" ከሆነ ዕቃው ቁጥር ብቻ ነው። እንደዚያ ያሉ ዕቃዎች ያስፈልጋሉ፤ ጌሙን ይሞላሉ። አፈ ታሪክ ተብሎ የተሰየመ ዕቃ ግን እንዲህ መሆን የለበትም።

የፍም ጎራዴያችን 9 ነጥብ በቃጠሎ አወጣ። ከ24ቱ 15 ቀረው። ጉዳት ከመጨመር ይልቅ እንዲህ እናድርግ፦ ጎራዴው በጨለማ ዋሻ ውስጥ ብርሃን ይሰጣል፣ የእሾህ አጥር ያቃጥላል። አሁን ተጫዋቹ ችቦ የያዘበት እጁ ነጻ ሆነ፤ ጋሻ መያዝ ይችላል። በአጥር የተዘጉ መንገዶችም ተከፈቱለት።

እንዲህ ዓይነቱ ጥቅም በሰከንድ አይለካም። እኔ የምጠቀምበት ልማድ የዕቃውን ጣሪያ ሲሶ ማስከፈል ነው፣ እዚህ 8 ነጥብ። ከ7ቱ ቀሪ 5ቱን ለምት ፍጥነት ስጡ፣ 5 በመቶ። ሁለቱን ነጥብ ተዉት። በጀት እስከ መጨረሻው ሳንቲም ካልጨረስኩ የሚል ሰው በኋላ ሲሞክር የሚያስተካክልበት ቦታ ያጣል።

5. መደመርና ማባዛትን ለዩ

እዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ሚዛን ከሚበላሽባቸው ቦታዎች ትልቁ ይህ ነው።

አምስት ዕቃ አለ፣ እያንዳንዱ "ጉዳት +50 በመቶ" ይላል። ኮዱ ከደመራቸው የ20 ምት ወደ 70 ይደርሳል። ካባዛቸው ወደ 152 ይደርሳል። የዕቃዎቹ ጽሑፍ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ኮዱ ውስጥ አንድ መስመር ላይ ነው።

ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል የተባለው ጌም ለዚህ ሁለት የተለያዩ ቃላት ይጠቀማል። አንዱ ቃል እርስ በርሱ ብቻ ይደመራል። ሌላው ለብቻው ያባዛል። ተጫዋቹ ቃሉን አይቶ ያውቃል። እናንተም ሁለት ቃል ምረጡና ከጌሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትቀላቅሏቸው። ለምሳሌ የሚደመረውን "ጭማሪ"፣ የሚባዛውን "ብዜት" በሉት። ደንቡ ይሁን፦ ከዕቃ የሚመጣው በተለምዶ ጭማሪ ነው። ብዜት የሚፈቀደው በአንድ ጀግና ላይ አንድ ብቻ ነው።

መቀነስ ደግሞ ከመጨመር ይብሳል። ጉዳት የሚቀንስ ጥሩር አስቡ። ከ0 ወደ 10 በመቶ ሲሄድ የ100 ጉዳት ምት 90 ይሆናል። ብዙም አይደለም። ከ80 ወደ 90 ሲሄድ ግን የዚያው ምት ጉዳት ከ20 ወደ 10 ይወርዳል። ያው 10 በመቶ፣ የጀግናውን ዕድሜ በእጥፍ አራዘመው። 100 ሲደርስ ጀግናው አይሞትም።

ስካይሪም የተባለው ጌም የጥሩርን ጥቅም 80 በመቶ ላይ ጣሪያ አበጅቶለታል። ለአስማት ወጪ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም። ሙሉ የሠለጠነ ጀግና አንድ ዕቃ ላይ የአንድን አስማት ዘርፍ ወጪ 25 በመቶ የሚቀንስ ኃይል ማሳደር ይችላል። የራስ ቁር፣ ጥሩር፣ ቀለበትና የአንገት ጌጥ ላይ ካደረገው አራት ጊዜ 25፣ 100 በመቶ። ከዚያ በኋላ እሳት መወርወር ምንም አያስከፍልም። ከእሱ በፊት የወጣው ኦብሊቪየን ውስጥም አምስት ባለ 20 በመቶ የመሰወሪያ ዕቃ የለበሰ ሰው ጠላት ፊት ቢቆም አይታይም። የትኛውም ዕቃ ለብቻው ጥፋት የለበትም። ድምሩ 100 መድረስ መቻሉ ነው ችግሩ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ጣሪያ ማበጀት። ቀላል ነው፤ ጉድለቱ ተጫዋቹ ጣሪያው ላይ ከደረሰ በኋላ የሚያገኘው ተመሳሳይ ዕቃ ሁሉ ዋጋ ማጣቱ ነው። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ቀመሩን መለወጥ፦

የሚደርስ ጉዳት = ጉዳት × 100 ÷ (100 + ጥሩር)

ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ለጥሩር የሚጠቀመው ይህንን ነው። ጥሩር 100 ሲሆን ጉዳቱ ግማሽ ይሆናል። 200 ሲሆን ሲሶ። እያንዳንዱ የጥሩር ነጥብ ለጀግናው አንድ በመቶ ዕድሜ ይጨምራል፣ መጀመሪያም ላይ መጨረሻም ላይ። 100 በመቶ መከላከያ ላይ መቼም አይደረስም። ለኩልዳውን (ኃይሉ እንደገና እስኪሠራ የሚጠበቀው ጊዜ) እና ለአስማት ወጪም ያው ቀመር ይሠራል። ዋጋ ማውጣቱም ይቀላል፤ አንድ ነጥብ ጥሩር አንድ ነጥብ በጀት።

6. ዙር ፈልጉ

ወረቀቱን አውጡ። እያንዳንዱን ኃይል በክብ ጻፉ። አንዱ ሌላውን የሚያጠነክር ከሆነ ቀስት አስምሩ። ከአንድ ክብ ተነስታችሁ ቀስቱን ተከትላችሁ ወደዚያው ክብ ከተመለሳችሁ ዙር አለባችሁ።

ስካይሪም ውስጥ የመድኃኒት ቅመማ ችሎታን የሚያሳድግ ልብስ አለ። በዚያ ልብስ የተቀመመው መድኃኒት የዕቃ ማስማት ችሎታን ያሳድጋል። በዚያ ችሎታ ደግሞ የበለጠ ጠንካራ የቅመማ ልብስ ይሠራል። ሞሮዊንድ ውስጥ መንገዱ እንዲያውም ያጥራል፤ የማሰብ ችሎታን የሚጨምር መድኃኒት ጠጥቶ የሚቀጥለውን መቀመም። የማሰብ ችሎታ የመድኃኒቱን ጥንካሬ ስለሚወስን ቁጥሩ ማለቂያ የለውም።

እኔም አንዴ ደርሶብኛል። ጠላት ሲወድቅ የጀግናውን 10 በመቶ ሕይወት የሚመልስ ቀለበት ሠራሁ። በሌላ ቀን ደግሞ 5 በመቶ ሕይወት ከፍሎ ተናካሽ አይጥ የሚጠራ በትር ጨመርኩ። አንዱ ሞካሪዬ አይጧን ጠርቶ ራሱ ገደላት። አምስት ከፈለ፣ አሥር አገኘ። ሁለቱን ዕቃ በተለያየ ቀን ስለሠራኋቸው ጎን ለጎን አስቤያቸው አላውቅም ነበር።

ዙር ስታገኙ አንዱን ቀስት ቁረጡ። የምትቆርጡት ተጫዋቹ ብዙም የማይወደውን ይሁን። ለእኔ የበቃው "ጀግናው ራሱ የጠራው ፍጡር አይቆጠርም" የሚል አንድ መስመር ነበር። መቁረጥ ካልፈለጋችሁ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ያነሰ እንዲሰጥ አድርጉ።

7. ለኃይሉ ዋጋ አስከፍሉት

ከጣሪያው በላይ የሆነ፣ ግን ልትተዉት ያልፈለጋችሁት ኃይል ካለ ዋጋ ያስፈልገዋል። የሚሠሩ የዋጋ ዓይነቶች እነዚህ ናቸው፦

ቦታ። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የጠረጴዛ ጌም በ5ኛው ዕትሙ አንድ ጀግና ሊዋሃዳቸው የሚችላቸውን ኃይለኛ ዕቃዎች በሦስት ይገድባል። በዚያ ደንብ ላይ የተሠራው ባልዱርስ ጌት 3 ይህን ገደብ አንስቶታል። ብዙ ዕቃዎቹ ግን የሚሠሩት ቅድመ ሁኔታ ሲሟላ ወይም ከአንድ ረጅም እረፍት እስከ ሌላው አንዴ ብቻ ነው። ሁለቱም መንገድ ይሠራል። ጌማችሁ የዕቃ ቦታ ትንሽ ካለው ሁለተኛው ይሻላል።

ጊዜ። ኩልዳውን ወይም በእረፍት የሚሞላ ቁጥር። አንዴ ተጠቅሞ የሚያልቅ ኃይለኛ ዕቃ ከመስጠት ይህ ይሻላል። ተጫዋች የሚያልቅበትን ነገር ያስቀምጠዋል፣ "ለቦስ" (ለትልቁ ጠላት) እያለ ይይዘዋል፣ ጌሙ ያልቃል፣ ዕቃው ከረጢት ውስጥ ቀርቷል። በእረፍት የሚሞላ ከሆነ ግን ይጠቀመዋል።

ጉዳት በሌላ በኩል። "ጉዳት ብዜት 1.5፣ ግን እሳት በእጥፍ ይጎዳሃል።" ይህን ከመጻፋችሁ በፊት በዚያ የጌሙ ክፍል ስንት እሳት የሚተፋ ጠላት እንዳለ ቁጠሩ። ከሌለ ዋጋ አልተከፈለም። ካለ ደግሞ ተጫዋቹ ጠላቱ ጋ ሲደርስ ዕቃውን በአንድ ቁልፍ ማውለቅ መቻሉን እዩ። ከቻለም ዋጋ አልተከፈለም። በውጊያ መሐል ዕቃ መቀየርን ከልክሉ፣ ወይም መቀየሩ ሰከንድ እንዲወስድ አድርጉ።

8. ስሙንና ጽሑፉን ጻፉ

በአማርኛ ለምትሠሩ ሦስት ነገር።

ፎንት፦ ዩኒቲ ውስጥ ከቴክስትሜሽፕሮ (ጽሑፍ ማሳያው መሣሪያ) ጋር የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ባዶ ሳጥን ያሳያችኋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ ይገኛሉ።

ጾታ፦ "ጉዳትህን ይጨምራል" ካላችሁ ሴቷን ተጫዋች ረሳችኋት። እላይ "ይጎዳሃል" ብዬ የጻፍኩትም ጌም ውስጥ እንዲያ መግባት የለበትም። ግስ አትጻፉ። "ጉዳት +3"፣ "የእሳት ጉዳት ×2" በቂ ነው፣ አጭርም ነው።

ስም አመንጪ፦ ዲያብሎ 2 ለተራ አስማታዊ ዕቃ ቢበዛ አንድ ቃል ከፊት፣ አንድ ቃል ከኋላ ይቀጥልለታል። በአማርኛ ሁለቱም ገላጭ ከስሙ ፊት ነው የሚመጡት። "የፍጥነት የእሳት ጎራዴ" ሲባል ጆሮ ላይ ይከብዳል፣ የቱ የቱን እንደገለጸም አይለይም። አንዱን ቅጽል፣ ሌላውን ባለ "የ" አድርጉ፦ "ፈጣን የእሳት ጎራዴ"፣ "ከባድ የውርጭ ጦር"፣ "ጥንታዊ የጽናት ክታብ"።

ዕድል ያለው ኃይል ስትጽፉ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። "20 በመቶ ዕድል" ያለው ኃይል በአሥር ተከታታይ ምት አንዴም ሳይመጣ የሚቀርበት ዕድል 11 በመቶ ያህል ነው። ተጫዋቹ ይህን እንደ ባግ (የኮድ ስህተት) ነው የሚቆጥረው። ዶታ 2 ለብዙ ኃይሎቹ ዕድሉን ዝቅ አድርጎ ይጀምርና ባልመጣ ቁጥር ከፍ ያደርገዋል። አማካዩ ያው ነው፤ ረጅም ድርቁ ግን ይጠፋል። ኮዱ ከአሥር መስመር አይበልጥም፣ አስገቡት።

9. የት እና በስንት ዕድል እንደሚገኝ ወስኑ

"ቦሱ 1 በመቶ ዕድል ይጥለዋል" ማለት መቶ ጊዜ የገደለ ሰው ያገኘዋል ማለት አይደለም። መቶ ጊዜ ከገደሉ ሰዎች 37 በመቶ ያህሉ አያገኙትም። ሦስት መቶ ጊዜ ገድለውም የማያገኙ 5 በመቶ ያህል አሉ። ዕቃው ለታሪኩ አስፈላጊ ከሆነ ዕድል ውስጥ አታስገቡት፤ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። አስፈላጊ ካልሆነም ቆጣሪ ጨምሩ፦ እስከ 150ኛው ካልወደቀ 150ኛው ላይ በግድ ይውደቅ።

ገበያ ካላችሁ ዋጋውን ከድሮፑ (ጠላት ሲወድቅ ከሚጥለው ዕቃ) ጋር አያይዛችሁ እዩት። ዲያብሎ 3 በፈረንጆቹ 2012 ሲወጣ ተጫዋቾች ዕቃ የሚሸጡበት የጨረታ ቤት ነበረው። ምርጡን ዕቃ ከጭራቅ ከመጠበቅ መግዛት ስለቀለለ ጭራቅ የመግደሉ ምክንያት ተዳከመ፤ ቤቱ በመጋቢት 2014 በፈረንጆቹ ተዘጋ። በእናንተም ጌም ሱቁ ከጭራቁ የተሻለ ዕቃ ከሸጠ ተጫዋቹ ሱቅ ይውላል።

10. ሞክሩ፣ ለኩ፣ አንድ ቁጥር ብቻ ለውጡ

ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ውጊያ አድርጉ፦

ሀ. ተራው ጀግና ከፍም ጎራዴው ጋር ብቻ። ስሌቱ ትክክል መሆኑን ያሳያችኋል። ቃጠሎው 9 በመቶ፣ ፍጥነቱ 5 በመቶ ካለ ውጊያው ከ9 ሰከንድ ወደ 8 መውረድ አለበት። 7 ያህል ከሆነ ቃጠሎው እየተደራረበ ነው፤ ኮዱን እዩ።

ለ. ሙሉ የታጠቀ ጀግና። ሦስት ጠላት ጣለ? አራት ከሆነ የሆነ ቦታ ማባዛት አለ።

ሐ. ሙሉ የታጠቀው ጀግና ያለ ጎራዴው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ጎራዴውን አውልቆ ጌሙን መቀጠል ካልቻለ ዕቃው ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆኗል።

እያንዳንዱን አሥር ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ያዙ፤ ክሪቲካል ስላለ አንድ ውጊያ ያታልላል። ከዚያ ጌሙን ለሌላ ሰው ስጡና ዝም ብላችሁ እዩ። ምክር አትስጡ። ዕቃውን አግኝቶ ካለበሰው ጽሑፉ ወይም ጥቅሙ አልገባውም። ለብሶት ከሦስት ሌቭል በኋላም ካላወለቀው በጣም በዝቷል።

ስታስተካክሉ በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ንኩ። ሁለት ከነካችሁ የቱ እንዳስተካከለው አታውቁም።

የተለመዱ ስህተቶች

*ለሰይፈኛ ብቻ ማሰብ።* ዕቃዎቻችሁን በዓይነት ቁጠሯቸው። ከሃያ አሥራ አምስቱ ጎራዴ ከሆነ ጠንቋይ የመረጠ ተጫዋች ሣጥን በከፈተ ቁጥር ያዝናል።

*የማይታይ ኃይል።* "የምት ፍጥነት +2 በመቶ" በስሌት አለ፣ በዓይን የለም። ተጫዋቹ እንዲሰማው ከፈለጋችሁ ከ5 በመቶ በታች አትውረዱ። እዚያ ለመድረስ በጀት ካልበቃ ኃይሉን ሌላ አድርጉት።

*ጠላቱን ማሳደግ።* ጎራዴው በዛ ተብሎ የጠላት ሕይወት ሲጨመር ጎራዴውን ያላገኘው ተጫዋች ነው የሚቀጣው። ዕቃውን ራሱን አስተካክሉ።

*አዳክሞ ዝም ማለት።* ጌሙ ከወጣ በኋላ ዕቃ ስትቀንሱ በዝመናው ጽሑፍ ላይ የድሮውንና የአዲሱን ቁጥር ጻፉ። የሚቻል ከሆነ ጉዳቱን ቀንሳችሁ ሌላ ትንሽ ጥቅም ስጡት፤ የፍም ጎራዴው ፍጥነት ቢቀነስበት ብርሃኑ ይስፋ።

*ቁጥሩን ሴቭ ፋይል ውስጥ መጻፍ።* የተጫዋቹ ሴቭ ፋይል (የደረሰበት የሚቀመጥበት ፋይል) የዕቃውን መለያ ብቻ ይያዝ፣ ቁጥሩን ከዕቃ ፋይሉ ያንብብ። ሴቭ ፋይሉ ውስጥ "ቃጠሎ 6" ብሎ ከተጻፈ ያስተካከላችሁት ጎራዴ አዲስ ለሚጀምር ሰው ብቻ ይስተካከላል። ዕቃው በዕድል የሚለያይ ቁጥር ካለው ከዝቅተኛውና ከከፍተኛው መሐል የደረሰበትን ቦታ በመቶኛ አስቀምጡ፣ ለምሳሌ 70። ክልሉን በኋላ ብትለውጡት የተጫዋቹ ዕቃ በአዲሱ ክልል ውስጥ ያው 70 ላይ ይቀመጣል።